ትንሿ አካፋ ስትጠፋ ቱሊፑ ሳይተከል ይከርማል

ሴፕቴምበር ሲገባ ሆም ዲፖና ኮስትኮ የአበባ ራሶችን፣ ማለትም መሬት ውስጥ ተቀብረው አበባ የሚያወጡትን፣ በመረብ ከረጢት ደርድረው ይሸጣሉ። ቱሊፕ፣ ዳፎዲል፣ ክሮከስ፣ ሃያሲንት። ሲያዩዋቸው ሽንኩርት ነው የሚመስሉት። ዋጋቸው አይከብድም፤ ከረጢቱ ላይ ያለው ፎቶም ያምራል። ሰሞኑ እንቁጣጣሽ ስለሆነ የእኛም ዓይን አበባ ላይ ነው። ገዝተን እንገባለን። ከዚያ ከረጢቱ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በብዙ ቤት የገና ጌጥ ሊወርድ ሲል እዚያው ቁጭ ብሎ ይገኛል።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ የአበባ መደብ አለ፤ ከኋላ ደግሞ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ የምንተክልበት ቦታ። በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የራሴን ብቻ ሳይሆን የወዳጆቼንም ግቢ እየዞርኩ አግዛለሁ። ይህን ሥራ ከልቤ እወደዋለሁ። ከቤት ቤት ስሄድ አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው ለምን እንዳልተከለ ሲጠየቅ «ጊዜ አጣሁ» ይላል። ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ነበር። ጓንት ፈለገ፤ አንዱ እጅ ብቻ ተገኘ። ትንሿን የእጅ አካፋ ፈለገ፤ የለችም። ጋራዡን ሲያተራምስ ስልክ ተደወለ፤ ልጅ ኳስ ሜዳ የሚወሰድበት ሰዓት ደረሰ። ቱሊፑ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ። ሳምንቱን ደግሞ ሰርግ ወይም ልቅሶ ያዘው። ለዚህ ነው ሰው ስለ ቱሊፕ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ «አካፋሽ የት ናት?» የምለው።

የግቢ ዕቃ የሚጠፋው ሥራ ሲቋረጥ ነው። ዝናብ ይመጣል፣ ወጡ ሊያርር ነው ይባላል፣ ልጅ ይጠራል። እጃችን ላይ የነበረውን መሬት ላይ ጥለን እንሮጣለን። ስለዚህ «የት አስቀመጥኩት?» እያሉ መጨነቅ ብዙም አይረዳም፤ ማንም አላስቀመጠውማ። «ለመጨረሻ ጊዜ ስይዘው ምን እየሠራሁ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ትንሿ አካፋ ሜይ ላይ ቃሪያ ስትተክሉ ነበረች። ጁላይ ላይ ጎመኑ ሥር አረም ስትነቅሉ ነበረች። እንግዲያው ፍለጋውን ከጎመኑ መደብ ጀምሩ። ቅጠሉ ትልልቅ ስለሆነ ሥሩ የወደቀ ነገር ክረምቱን ሙሉ አይታይም።

የቅርንጫፍ መቀስ ከሆነ የጠፋው፣ የኮምፖስቱን (የብስባሹን) ክምር ገልብጡት። ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ጋር አብሮ ታቅፎ የገባ መቀስ ከእኛ ክምርም፣ ከሌላ ሰው ክምርም አውጥቻለሁ። እዚያ ካልተገኘ የባለፈው ዓመት የብርድ ጃኬት ኪስ ይታይ። ጓንት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የውሃው ጎማ የሚገጠምበት ቧንቧ አጠገብ ነው፤ እጅ ለመታጠብ እዚያ ይወልቃልና። ከዴክ፣ ከእንጨቱ በረንዳ ሥርም እዩ። መኪናው ኋላም እዩ፤ በተለይ ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ጽዳት ዕቃ ይዛችሁ ሄዳችሁ ከነበረ።

ይህን ፍለጋ ቅጠል ሳይረግፍ ጨርሱት። እዚህ አካባቢ ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ የኦክና የሜፕል ቅጠል መሬቱን ያለብሰዋል። ቡናማ እጀታ ያላት አካፋ እዚያ ውስጥ ከገባች ዓይን አያገኛትም። ከዚያ ቅጠሉ ይጠረግና ከነአካፋዋ መንገድ ዳር ይከመራል፣ ወይም በወረቀት ከረጢት ይታሰራል። ካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ሲወስደው አብራ ትሄዳለች። አምራቾች እጀታውን አረንጓዴና ቡናማ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ለግቢ ዕቃ ከዚህ የከፋ ቀለም የለም። የእኛ ቤት ዕቃ ሁሉ እጀታው ላይ ቀይ ናስትሮ ተጠምጥሞበታል። ሦስት ዙር ይበቃል። ዝናብ አያስለቅቀውም፤ ከመስኮት ሆኖ እንኳ ይታያል። አንድ ጥቅል ናስትሮ ሁለትና ሦስት ዶላር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከአዲስ አካፋ በፊት የሚገዛው እሱ ነው።

መቀመጫ ቦታውን በተመለከተ ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ናቸው። አዲስ አበባ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋራዣቸው ግድግዳ ላይ ሚስማር መትተዋል። በየዕቃው ዙሪያ ደግሞ በጥቁር ማርከር ቅርጹን ስለውታል፤ የአካፋው ቅርጽ፣ የዶማው ቅርጽ፣ የመቀሱ ቅርጽ። አንድ ቀን መጋዝ ልዋስ ሄጄ ሳየው ቆሜ ቀረሁ። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሥዕል ለምን ደከሙበት?» አልኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ማታ ማታ ዕቃ አልቆጥርም» አሉኝ። «መብራት ከማጥፋቴ በፊት ግድግዳውን አያለሁ። ባዶ ቅርጽ ካለ ውጭ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወጥቼ አመጣዋለሁ።» ዕቃ ከጠፋ ከወር በኋላ ሳይሆን በዚያው ቀን ይታወቃል። ግድግዳ መሳል የማይፈቀድበት ቤት የምትከራዩ ሰዎች ካርቶን ላይ ስላችሁ ብትሰቅሉትም ያው ነው።

እኔ ከእሳቸው የምለየው በአንድ ነገር ነው። ረጃጅሙን ግድግዳ ላይ፣ ትናንሹን ባልዲ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ባልዲዋ የምትቀመጠው በጓሮ በር አጠገብ ነው፤ ጭቃ የነካው እጅ መጀመሪያ የሚደርስበት ቦታ። ባለቤቴ ጋራዡ ውስጥ ከኋላ በኩል ቢሆን ይመርጥ ነበር፤ ለዓይን ይጸዳል። ግን የጨቀየ ጫማ ያለው ሰው ጋራዡን አቋርጦ ኋላ ድረስ አይሄድም። ይተወዋል። ቦታው ለጨረሰ ሰው ቅርብ መሆን አለበት። ባልዲዋ ውስጥ ያለው ይህ ነው፦ የእጅ አካፋ፣ የቅርንጫፍ መቀስ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ሽቦ መቁረጫ ፒንሳ፣ ማርከርና የአይስክሬም እንጨቶች፣ አሮጌ ፎጣ። ስወጣ ባልዲዋን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ስልክ ሲደወል የያዝኩትን መሬት ላይ ሳይሆን ባልዲዋ ውስጥ እጥላለሁ። ለውጡ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ውሰት አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዘንድ «አካፋዬን መልስ» ማለት ይከብዳል፣ ያሳፍራልም። ስለዚህ ዕቃ ሲወሰድ ተዋሹን ከነዕቃው ፎቶ አነሳዋለሁ። ስቀን እንለያያለን። ጥቅምት ላይ ዕቃው ሲያስፈልገኝ ፎቶውን እልክለታለሁ፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም።

አካፋ ስትገዙ ምላጩ ላይ የኢንች ምልክት የተቀረጸባትን ምረጡ። ራሶቹ ሁሉ የጥልቀት ጉዳይ ናቸውና ሜትር ከመፈለግ ታድናችኋለች። ምላጩና እጀታው የሚገናኙበትን ቦታም ተጫኑት። እዚያ ላይ በቀጭን ሽቦ የተያያዘች ርካሽ አካፋ የሜሪላንድን ቀይ ሸክላማ አፈር አትችልም፤ ትታጠፋለች። ክብ ሲሊንደር የሚመስለው ልዩ መትከያም በደረቅ ሸክላ ላይ አልሆነልኝም። ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ አፈሩ ሲላላ ግን ደህና ይሠራል።

አሁን ወደ ራሶቹ እንምጣ። ከሁሉ በፊት የማስቀመጫ ነገር። ዳፎዲል መርዝ አለው። ራሱ ሽንኩርት ይመስላል፤ የሚሸጥበትም ከረጢት የሽንኩርቱ ዓይነት መረብ ነው። የእኛ ማዕድ ቤት ደግሞ ያለ ሽንኩርት ውሎ አያውቅም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋር የሰነበተች ጊዜ ከረጢቱ ማዕድ ቤት ጥግ ላይ ነበር። ወጥ ልትሠራ ብላ አንዱን አንስታ ልጣጩን ላጥ አደረገችው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «ልጄ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሽንኩርት ነው? ሽታ የለውም፤ ዓይኔንም አላቃጠለኝም» አለችኝ። የእናቴ አፍንጫ ጠበቀን። እንግሊዝ አገር ዳፎዲልን ሽንኩርት ነው ብለው በልተው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ፤ ኃይለኛ ማስታወክና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። ራሶቹን ማዕድ ቤት አታስገቡ። ከረጢቱ ላይ በአማርኛ «አይበላም» ብላችሁ ጻፉ፤ ከአገር ቤት ሊጠይቋችሁ የሚመጡ ወላጆች በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ላያስተውሉት ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ሰው ተሳስቶ ቢበላ የመርዝ መረጃ ስልኩ 1-800-222-1222 ነው፤ ሌሊትም ይሠራል። ጓንቱም ለጭቃ ብቻ አይደለም፤ ሃያሲንትና ቱሊፕ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካሉ።

ፍሪጅም ውስጥ ከፖም ጋር አታስቀምጧቸው። ፖምና ሙዝ ሲበስሉ የሚያወጡት ኤትሊን የሚባል ጋዝ በራሱ ውስጥ ተጠቅልሎ ያለውን የአበባ ጽንስ ያበላሸዋል። ቅጠል ይወጣል፣ አበባ ግን የለም። ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅ፣ አየር የሚገባበት ቦታ ይበቃቸዋል። ከመትከላችሁ በፊት እያንዳንዱን ጨበጥ አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። የላላውንና የሸተተውን ጣሉት። ላዩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ሻጋታ ኖሮበት ሥጋው ጠንካራ ከሆነ ግን ጠርጋችሁ ትከሉት።

መቼ ይተከል? ቀን መቁጠሪያው ሳይሆን አፈሩ ነው የሚወስነው። የአፈሩ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ15 ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ ጊዜው ደርሷል። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ይህ የሚሆነው ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ነው። የእኛዎቹን ወራት ተከትሎ ማስታወስ ለእኔ ይቀለኛል። መስቀል ሲያልፍ ዕቃ ይፈለጋል፣ ይጸዳል። በጥቅምት ይተከላል። የመጨረሻ ቀኔ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ኅዳር 12፣ ኖቬምበር 21 አካባቢ። ኅዳር ሲታጠን ቤትና ደጅ ማጽዳት አገር ቤትም የነበረ ልማድ ስለሆነ የማይረሳ ቀን ነው።

ቀናችሁ ጥቂት ከሆነ ቅደም ተከተሉን እወቁ። ዳፎዲልና ነጭ ሽንኩርት (ወደ እሱ በኋላ እመጣለሁ) ይቅደሙ፤ ቱሊፕ ይጠብቅ። ዳፎዲል አፈሩ ሳይቀዘቅዝ ሥር መስደድ ይፈልጋል፤ ሲዘገይ ይጎዳል። ቱሊፕ ግን መዘግየትን ይችላል፤ ኖቬምበር መጨረሻ፣ ዲሴምበርም ቢሆን ይሆናል። መሬቱ በረዶ ሆኖ አካፋ እንቢ እስካላለ ድረስ ትከሉት። ቱሊፕ በጥሩ ሁኔታ እንዲያብብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ብርድ ያስፈልገዋል። ያ ብርድ ሲያጥረው ግንዱ አጭር ይሆናል፣ አበባው ቅጠሉ መሐል ይቀራል።

ጥልቀቱ የራሱን ቁመት ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ቱሊፕ 8 ኢንች፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል። ዳፎዲል 6 ኢንች። ክሮከስ ትንሽ ስለሆነ ከ3 እስከ 4 ኢንች ይበቃዋል። ሹል ጫፉ ወደ ላይ ይሁን። ሸክላው ውሃ የሚቋጥርበት ቦታ ላይ አትትከሉ፤ ራሶቹ የብርዱን ወራት ውሃ ውስጥ ተኝተው ይበሰብሳሉ። ከፍ ያለ መደብ ወይም ተዳፋት ይሻላል፤ ኮምፖስትም አፈሩ ውስጥ ይደባለቅ። ሰፊ መደብ በትልቅ አካፋ ልትቆፍሩ ከሆነ ከጥቂት ቀናት በፊት 811 ደውሉ፤ መሬት ውስጥ ያለውን የመብራትና የጋዝ መስመር በነጻ ምልክት ያደርጉላችኋል።

ሰውን ከሚያሰንፉት ነገሮች አንዱ ጉድጓድ አንድ በአንድ መቆፈር ነው። የሃምሳ ራስ ከረጢት ይዞ ሃምሳ ጊዜ መንበርከክ ማን ይወዳል? እኔ እንደዚያ አልተክልም። የእንጀራ ምጣድ የሚያክል አንድ ሰፊ ጉድጓድ እቆፍራለሁ። አፈሩን ካሪዮላ ላይ አደርገዋለሁ። ወለሉ ላይ 15 ያህል ቱሊፕ በ5 ኢንች ርቀት እደረድራለሁ። ትንሽ አፈር እመልስና በላዩ ላይ ዳፎዲል፣ ከዚያም ክሮከስ። ክሮከሱ ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች ላይ ይወጣል፣ ዳፎዲሉ ይከተላል፣ ቱሊፑ ኤፕሪል ላይ ይመጣል። አንድ ጉድጓድ ለሦስት። ድርደራውን ልጆች ይሥሩት፤ ይወዱታል። ቁፋሮው ብቻ ለትልቅ ሰው ይቀራል።

ሌላው የሚያዘገየን ጨለማው ነው። ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ላይ ሰዓት ሲለወጥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ የሥራ ቀን ማታ ለመትከል ማሰብ ከንቱ ነው። ግማሾቻችን የሌሊት ሺፍት ነን፣ ግማሾቻችን ሁለት ሥራ ነው የምንሠራው። ስለዚህ ከሰዓት ለውጡ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ማታ ይበቃል። ከሌሊት ሺፍት ጠዋት የሚገባ ሰው ደግሞ ከመተኛቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቢሠራ ለራሱም መልካም ነው። አንድ ወዳጄ ነርስ ናት፤ ግቢዋን በሙሉ የተከለችው እንዲሁ ነው። ባልዲዋ በር ላይ ስለምትጠብቃት ዩኒፎርሟን ቀይራ በቀጥታ ትወጣለች።

ሽኮኮና አጋዘን እዚህ አገር ትልቅ ፈተና ናቸው። ቱሊፕ ለሁለቱም ምግብ ነው። ዳፎዲልን ግን መርዙ ስላለ አይነኩትም። ሽኮኮ የተቆፈረ አፈር ስታይ ትመጣለች፤ መሬት ላይ የተበተነው የአበባ ራሶቹ ልጣጭም በጠረኑ ይጠራታል። ልጣጩን ለቅማችሁ አንሱ። በተከላችሁበት ላይ የዶሮ ቤት ሽቦ ዘርግታችሁ በድንጋይ ያዙት፤ ቡቃያው ብቅ ሲል አንሱት። ፒንሳዋ ባልዲ ውስጥ የምትኖረው ለዚህ ነው። አጋዘን የሚበዛበት ሰፈር ያላችሁ፣ ገንዘባችሁን ቱሊፕ ላይ አታጥፉ። ዳፎዲል ትከሉ። ከቨርጂኒያ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወደ ዲሲ የምትነዱ ሰዎች ማርች ላይ ፖቶማክ ዳር ቢጫ ሆኖ የሚታየውን ታውቁታላችሁ። የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ባለቤት ሌዲ በርድ ጆንሰን ዋና ከተማዋን ለማስዋብ በተነሱበት በ1960ዎቹ የተጀመረ ተከላ ነው። ዳፎዲል በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፣ እየተራባም ይሄዳል። ብዙው ቱሊፕ ግን ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ እየደከመ ይሄዳል።

ቱሊፕ የምተክልበት አንድ የራሴ ምክንያት አለኝ፤ ፋሲካ። የእኛ ፋሲካ ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይዋልላል። በ2025 ኤፕሪል 20 ነበር፤ በ2026 ኤፕሪል 12፤ በ2027 ሜይ 2 ነው። ቱሊፕ ደግሞ ቀድሞ የሚያብብ፣ መሐል ላይ የሚያብብና ዘግይቶ የሚያብብ አለው፤ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። እኔ ከሦስቱም እቀላቅላለሁ። ፋሲካ የትኛው ሳምንት ላይ ቢውል ገበታው ላይ የማስቀምጠው የጓሮ አበባ አላጣም። ኦክቶበር ላይ ስንፍና ሲይዘኝ የሚያስነሳኝ ይህ ነው። ዶሮ ወጡ አጠገብ ያ ቀይ አበባ ሲቀመጥ ይታየኛል። አበባው ሲረግፍ ቅጠሉን አትቁረጡ። ቢጫ እስኪሆን ተዉት፤ ለሚቀጥለው ዓመት ስንቅ የሚያጠራቅመው እሱ ነው።

ነጭ ሽንኩርቱን ከአበባው ጋር የምጠቅሰው ወቅታቸው አንድ ስለሆነ ነው። አካፋዋ ከወጣች አይቀር ሁለቱንም ትሥራ። ከሱፐርማርኬት የምንገዛው አንዳንዱ እንዳይበቅል የታከመ ነው፤ ከገበሬዎች ገበያ የተገዛ ይሻላል። እዚህ ብርድ የሚስማማው መሐሉ ላይ ጠንካራ ግንድ ያለው ዓይነት ነው። ራሱን የምትፈለቅቁት በምትተክሉበት ቀን ይሁን። ትልልቁን ፍልቃቂ ለዘር፣ ትንንሹን ለወጥ። 2 ኢንች ጥልቀት፣ በመሐላቸው 6 ኢንች፣ ሹሉ ወደ ላይ። የወደቀውን ቅጠል ሰባብራችሁ ወፈር አድርጋችሁ አልብሱት፤ ለመንገድ ዳር ከመከመር ይሻላል። ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ግን የሚበላ ነገር ግድግዳ ሥር አትትከሉ። የድሮ ቀለም እርሳስ ነበረው፤ ተፈርፍሮ አፈሩ ውስጥ ይገባል። ራቅ አድርጉት፤ አፈሩንም አስመርምሩ። ጁን ላይ የሚወጣውን የተጠማዘዘ አረንጓዴ ግንድ ቆርጣችሁ ጥብስ ውስጥ ጨምሩት፤ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። የታችኛው ቅጠል ሲደርቅ፣ ጁን መጨረሻና ጁላይ ላይ፣ በግቢ መቆፈሪያ ሹካ ተነስቶ ጥላ ሥር ይደርቃል።

ተከላው ሲያልቅ የአይስክሬም እንጨቱ ላይ ምን እንደተተከለ ጽፋችሁ ስኩ። ኤፕሪል ላይ ደግሞ ግቢውን ፎቶ አንሱ። ጥቅምት ላይ ባዶ መሬት አይታችሁ የት አበባ እንዳለ አታውቁም፤ የተኛውን ራስ በአካፋ ትቆርጡታላችሁ። ፎቶው ካለ ክፍተቱ የት እንደሆነ ያሳያችኋል። ዕቃውን በፎጣ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ ብረቱን ዘይት ቀቡት። የውሃውን ጎማ ባዶ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ ውስጡ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰነጥቀዋል።

ከረጢቱን ያገኛችሁት ጃንዋሪ ላይ ከሆነና መሬቱ ድንጋይ ከሆነባችሁ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ብላችሁ መደርደሪያው ላይ አትመልሱት፤ ራሱ እስከዚያ ይደርቃል። ሥሩ ቀዳዳ ያለው ትልቅ የአበባ ማሰሮ ውሰዱ። አፈር ጨምሩ፣ ራሶቹን አጠጋግታችሁ ደርድሩ፣ አልብሷቸው፣ አንድ ጊዜ አጠጡ። ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ውስጥ፣ ሽኮኮና አይጥ በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ጥቂት ውሃ ስጡት። ከ12 ሳምንት ገደማ በኋላ ቡቃያው ብቅ ሲል ወደ ፀሐይ አውጡት። ሜይ ላይ ያብባል፤ ቁመቱ ትንሽ አጠር ሊል ይችላል። የእጅ አካፋ ካላገኛችሁ ደግሞ ለማሰሮ የወጥ ጭልፋም ይበቃል።